ዳታ ሲያልቅ የሚሠራ አንቲቫይረስ

(ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። የተደጋገመውን ቀንሻለሁ። መብራት ጠፍቶ የጠበቅንበትንም 20 ደቂቃ ዘልዬዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡናችሁን ትታችሁ ስለ አንቲቫይረስ ልትሰሙ መምጣታችሁ እኔንም ገርሞኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ አሳማ ሲጮኽ የሰማ አለ? እጃችሁን ያወጣችሁ ሁሉ ዕድሜያችሁ ታወቀባችሁ። ለወጣቶቹ ላስረዳ። የድሮው ካስፐርስኪ ቫይረስ ሲያገኝ የአሳማ ጩኸት ያሰማ ነበር። አንዱ ይመጣል፣ ፍላሹን ይሰካል፣ ስፒከሩ ይጮኻል፣ ካፌው በሙሉ ዞሮ ያየዋል። ባለፍላሹ ተላላፊ በሽታ እንደተገኘበት ሰው አንገቱን ይደፋል። አቫስት ደግሞ በእንግሊዝኛ የምትናገር ሴት ነበረችው። አፕዴት ባደረገ ቁጥር "ዳታቤዙ ታድሷል" ብላ ታበስረናለች።

ከአሳማውና ከሴትየዋ በላይ የማስታውሰው ግን ክርክሩን ነው። አንዱ ካስፐርስኪ ይላል። ሌላው ኖድ 32። ሌላው ባለ ቀይ ጃንጥላውን አቪራ። የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ በሉት። ለምን እንደሚሻል ብትጠይቁት መልሱ "ያገኛላ!" ነው። ምን ያገኛል? "ሌላው ያላገኘውን!" በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ዛሬም ኮምፒውተር ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው። የቱ ይሻላል? ለብዙ ዓመት በስሜት ስመልስ ኖርኩ። አሁን አሁን ግን መልሼ እጠይቃለሁ። ቤታችሁ ኢንተርኔት በቀን ስንት ሰዓት አለ? ፍላሽ ከስንት ሰው ትቀበላላችሁ? ዊንዶውሱን ማን ጫነው? ሰዎች ይናደዳሉ። "አንተ ዝም ብለህ ስሙን ንገረኝ" ይላሉ። ዛሬ ስም እነግራችኋለሁ፤ ጥያቄዎቹን ግን አታመልጧቸውም።

መጀመሪያ አወዳዳሪዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ሥራቸው አንቲቫይረስ መፈተን ብቻ የሆነ ድርጅቶች አሉ። ሦስቱን ብታውቁ ይበቃል። ኤቪ ቴስት በጀርመን ማግደቡርግ ነው። ኤቪ ኮምፓራቲቭስ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ነው። ኤስኢ ላብስ ለንደን ነው። ኤቪ ቴስት ሦስት ነገር ይመዝናል። ይከላከላል ወይ? ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፋል ወይ? ንጹሑን ፋይል ሌባ ብሎ ይይዛል ወይ? እያንዳንዱ ከ6 ይታረማል፤ ድምሩ ከ18።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በኤፕሪል 2010 ማካፊ አንድ አፕዴት ላከ። አፕዴቱ የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ዋና ፋይል "ቫይረስ ነህ" ብሎ አሰረው። በዓለም ዙሪያ ስንት ኮምፒውተር ሲጠፋ ሲበራ ዋለ። ለቤት ጥበቃ የተቀጠረ ዘበኛ አባወራውን በር ላይ ጠፍሮ እንደማሰር ነው።

የኤቪ ቴስት ችግር ምን መሰላችሁ? ብዙዎቹ ታዋቂ ምርቶች 17.5 ወይም 18 ያመጣሉ። ክፍል ውስጥ ልጁ ሁሉ 98 ካመጣ አንደኛውን ፍለጋ መጨቃጨቅ ምን ይረባል? ከእነዚያ ጎበዞች መሃል ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣው ዲፌንደር አለ። "ዲፌንደር አይረባም" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው መሠረት የለውም አልልም። አሮጌ ነው እንጂ። ማይክሮሶፍት በ2009 ሴኪዩሪቲ ኢሴንሻልስ ብሎ ነጻ አንቲቫይረስ አወጣ። ያ ምርት ከጥቂት ዓመት በኋላ በፈተናዎቹ ላይ ጭራ ሆኖ ነበር። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ዲፌንደር ሆኖ አብሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። የዛሬው ተማሪ የድሮ ካርዱ ላይ ባለው ውጤት መታማት የለበትም።

ታዲያ እዚህ ላይ "ሁሉም ያው ነው፣ ዲፌንደር በቂ ነው፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ" ብዬ ልጨርስ እችል ነበር። ፈረንጆቹ ጽሑፋቸውን እዚህ ነው የሚጨርሱት። ለእነሱ እውነት ነው። ኢንተርኔታቸው አይቋረጥም፣ ዊንዶውሳቸው የተገዛ ነው፣ ፍላሽ ከተለዋወጡ ዓመት አልፏቸዋል። የእኛን ቤት ግን ታውቁታላችሁ።

አንቲቫይረስ ቫይረስን እንዴት እንደሚያውቅ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በ1986 ፓኪስታን፣ ላሆር ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች ብሬን የሚባለውን ቫይረስ ሠሩ። የአይቢኤም ፒሲን የያዘ የመጀመሪያው ቫይረስ የሚባለው እሱ ነው። የሚገርመው ቫይረሱ ውስጥ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥር ጻፉበት። ሌባ ሰርቆ ሲያበቃ ቢዝነስ ካርዱን ትቶ እንደመሄድ ነው። እንዲህ ያለውን መያዝ ቀላል ነበር። መልኩን በመዝገብ ትይዛላችሁ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ታስተያያላችሁ።

ዛሬ ኤቪ ቴስት በቀን ከ450,000 በላይ አዳዲስ ጎጂና አጠራጣሪ ፕሮግራሞችን ይመዘግባል። ልብ በሉ፣ በቀን ነው። ይህን ሁሉ መዝገብ እናንተ ላፕቶፕ ላይ ማኖር አይቻልም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ የዕውቀቱን ትልቁን ክፍል ወደ ራሳቸው ሰርቨር ወሰዱት። አዲስ ፋይል ስትከፍቱ አንቲቫይረሱ የፋይሉን አሻራ በኢንተርኔት ይልካል። "ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። በቅጽበት መልስ ይመጣለታል።

አሁን ዳታችሁ አልቋል እንበል።

ጥያቄው ይላካል፤ መልስ የሚሰጥ የለም። አንቲቫይረሱ ኪሱ ውስጥ ባለው መዝገብና በራሱ ግምት ብቻ ሊፈርድ ነው። ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ይህን ራሱን ችሎ ይለካዋል። ያንኑ የቫይረስ ክምር አንዴ ኢንተርኔት ነቅሎ፣ አንዴ ሰክቶ ያስፈትሻል። ሰንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። ሰው ሁሉ የሚያየው ኢንተርኔት ያለበትን ነው። እናንተ ሌላኛውን እዩ። ዲፌንደር ኢንተርኔት ሲኖረው ከምርጦቹ ጋር ይሰለፋል። ኢንተርኔቱ ሲነቀል ግን ስሙ ብቻ ከሚመሳሰለው ከቢትዲፌንደርና ከአቫስት በግልጽ ዝቅ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ አይደለም፤ በተለያዩ ዓመታት ፈተናዎች ተደጋግሟል።

ለዲፌንደር ጠበቃ ልቁምለት። ያ ዓምድ የሚለካው ፋይሉ ሳይከፈት በፊት ይታወቃል ወይ የሚለውን ነው። ቫይረሱ ተነስቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር በባህርይው የሚይዘው ሌላ ዘብ አለ። ቢሆንም ሌባውን ሳሎን ከገባ በኋላ ከመያዝ በር ላይ መመለስ ይሻላል።

"ኢንተርኔት ከሌለኝ ቫይረሱስ በየት ይመጣል?" የሚል ይኖራል። በፍላሽ ነዋ! ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሰርግ የቀረጸው ቪዲዮ ቤት። አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ እጅ አውጡ እስቲ። ሁለት ሦስት ሰው። አትቀየሙኝ፤ የሰፈራችን የቫይረስ መናኸሪያ የእናንተ ማሽን ነው። ጥፋታችሁ አይደለም። በቀን መቶ ሰው ፍላሽ ይሰካባችኋል።

ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ ውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ ይነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት በፌብሩዋሪ 2011 ባወጣው አፕዴት ይህን በር በድሮዎቹ ዊንዶውሶች ላይም ዘጋው። የቫይረስ ጸሐፊዎቹ አልከፋቸውም። ሾርትከት የምንለውን አመጡ። አሠራሩ ተንኮል ነው። ትክክለኛ ፎልደሮቻችሁን ይደብቃቸዋል። በቦታቸው ተመሳሳይ ስምና ምስል ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። እናንተ "ፎቶ" የሚለውን ትከፍታላችሁ። ፎቶው ይከፈታል፤ አብሮ ግን ቫይረሱ ይነሳል። ምንም የተበላሸ ነገር ስለማታዩ አትጠረጥሩም። ማሽኑ ላይ ይሰፍርና የሚቀጥለውን ፍላሽ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው ሾርትከቱን ሲያይ "ፋይሌ ጠፋ" ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። እባካችሁ አታድርጉ! ፋይሉ እዚያው ነው፣ ተደብቆ ነው። መጨረሻ ላይ አሳያችኋለሁ።

ከዲፌንደር ጋር መቆየት ለሚፈልግ፣ ግን ቤቱ ኢንተርኔት ለሌለው አንድ መላ አለ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን መዝገብ ለብቻው በፋይል መልክ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። መሥሪያ ቤት ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ወደ ቤት መውሰድ ትችላላችሁ። ሁለቴ ትጫኑታላችሁ፣ መዝገቡ ይታደሳል። በሳምንት አንዴ ብታደርጉት ብዙ ነገር ይለወጣል። በየወሩ ዳታ ገዝቶ አፕዴት መጠበቅ ለከበደው ሰው ከማንኛውም ምክር ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ። ኢንተርኔት ያለው ሰው ዕለታዊው አፕዴት የሚጨምረው አዲሱን ብቻ ስለሆነ ያን ያህል ዳታ አይበላበትም።

ወደ ክብደት ልለፍ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። ዲፌንደር እዚያ ላይ ይከብዳል። በተለይ ብዙ ፋይል ኮፒ ስታደርጉ። ታስክ ማኔጀር ስትከፍቱ "አንቲማልዌር ሰርቪስ" የሚል ስም ዲስኩን መቶ በመቶ ይዞ ካያችሁ ቫይረስ አይደለም፤ ራሱ ዲፌንደር ነው። ስንቱ ደንግጦ መጥቶብኛል። በፈተናዎቹ ፍጥነት ላይ ቀለል ብለው የሚታዩት ኢሴትና ማካፊ ናቸው። ኢሴት ማለት የያኔው ኖድ 32 ሠሪ ነው፤ የስሎቫኪያ ኩባንያ። ኖድ የሚለው ስም በቋንቋቸው "የዲስክ ዳር ሆስፒታል" ከሚል ቀልድ የመጣ ነው። በዚያ አገር ይታይ የነበረ የሆስፒታል ተከታታይ ድራማን መጫወቻ አድርገውበት ነው።

ይሁን እንጂ የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ማሽኑ እንዲቀልለት ብላችሁ የዓመት አንቲቫይረስ አትግዙ። በዚያ ብር ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ አስገቡበት። ልዩነቱን ያኔ ታዩታላችሁ።

ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ አትጫኑ። ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ቀድሜ ልየው ይላሉ፣ ማሽኑ ይቆማል። ሌላ ስትጭኑ ዲፌንደር ራሱ ቦታውን ይለቃል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ገንዘብ። ነጻ አንቲቫይረስ የሚሠራ ኩባንያ ለሠራተኞቹ ደሞዝ ከየት ያመጣል? ብዙውን ጊዜ "ይህን ግዙ፣ ያንን ግዙ" እያለ በመነዝነዝ ነው። ያ ይሰለቻል እንጂ አይጎዳም። አቫስት ግን አንድ ጊዜ ከዚያ አልፎ ሄደ። የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ውሎ፣ ማለትም የትኛውን ገጽ እንደጎበኙ፣ ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ በኩል ከመቶ ለሚበልጡ ድርጅቶች ሸጠ። በ2020 መጀመሪያ ነገሩ ሲጋለጥ ቅርንጫፉን ዘጋ። በ2024 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ያን መረጃ ለማስታወቂያ መሸጥ እንዲያቆም አደረገ። እንግዲህ አቫስት ከኢንተርኔት ውጪ ጎበዝ ነው ያልኳችሁ እኔው ነኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ከጫናችሁት ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ መረጃ ማጋራትን የሚመለከተውን ምልክት ሁሉ አጥፉ።

የሚከፈልበትም ጻድቅ አይደለም። ኖርተን በ2021 ተጠቃሚው ከፈቀደ በኮምፒውተሩ ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ነገር አብሮ አመጣ። ከተመረተው 15 በመቶ ለኩባንያው፣ የመብራቱ ሂሳብ ለእናንተ! ዛሬ ኖርተን፣ አቫስት፣ ኤቪጂና አቪራ በአንድ ኩባንያ ሥር ናቸው፤ ጄን ዲጂታል ይባላል። ካፌው ውስጥ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ደጋፊዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ካስፐርስኪስ? ይህ ጥያቄ እንደማይቀር አውቄያለሁ፤ እኛ አገር በጣም ይወደዳል። የሞስኮ ኩባንያ ነው። በመያዝ ችሎታው ማንም አይጠረጥረውም። ጥያቄው ፖለቲካ ነው። የጀርመን የሳይበር ደህንነት መሥሪያ ቤት በማርች 2022፣ የዩክሬን ጦርነት እንደተጀመረ፣ በሌላ እንድትተኩት እመክራለሁ አለ። አሜሪካ በ2024 ሽያጩን ከለከለች፤ ከሴፕቴምበር 29 በኋላ አፕዴት መላክም ተከለከለ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ያኔ ደውለው ከሆነ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ብዙዎቹ አንድ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ የለም። በቦታው አልትራ ኤቪ የሚባል ሰምተውት የማያውቁት ነገር ተቀምጧል። ድርጅቱ በኢሜል አሳውቄያለሁ አለ። ኢሜል የማያነብ ግን "ቫይረስ ገባብኝ" ብሎ ደነገጠ፤ እውነቱን ነው። እዚህ አገር ያለው ካስፐርስኪ ይሠራል። መንግሥት የሚከታተለው ሰው ካልሆናችሁ የእኔ ስጋት ሌላ ነው። እሱም ቁልፉን ከየት አመጣችሁት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር።

የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ነበር። ላፕቶፑን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ቪዲዮ ማቀናበሪያ ፈልጋ ነበርና በክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ በሚያስከፍት ሕገወጥ መክፈቻ፣ ጫንኩላት። መመሪያው የመጀመሪያው መስመር ላይ "አንቲቫይረሱን አጥፉ" ይላል። አጠፋሁት። ለስንት ሰው እንዲህ አድርጌ ምንም አልሆነም! በማግስቱ ማታ ደወለች። "ጋሼ፣ ወርድ ፋይሎቹ አይከፈቱም፣ ስማቸው ጫፍ ላይ የማላውቀው ነገር ተጨምሯል።" ሄድኩ። በየፎልደሩ አንድ ጽሑፍ ተቀምጧል። 980 ዶላር ክፈሉ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ግማሹን፣ 490። ስቶፕ ወይም ጃቩ የሚባለው ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። መሥሪያ ቤት ሳይሆን የቤት ኮምፒውተር አድኖ የሚይዝ ነው። ዋናው መግቢያውም ክራክ ነው። እንግዲህ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ ዘበኛውንም ያባረርኩት እኔ።

ይህ ራንሰምዌር አንድ የሚያስቅ ነገር አለው፤ ሳቁ ግን አይመጣም። ፋይል ሲቆልፍ ከአለቆቹ ሰርቨር አዲስ ቁልፍ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ካጣ ግን ኪሱ ውስጥ ባለው፣ ለብዙ ሰው በሚጠቀምበት አንድ ቁልፍ ይቆልፋል። ያ ቁልፍ ከተገኘ ደግሞ ፋይሉ ሊመለስ ይችላል። ኤምሲሶፍት የሚባል ድርጅት በኦክቶበር 2019 ለ148 ዓይነቶቹ ነጻ መፍቻ አውጥቷል። ዳታ ያለቀበት ሰው የሚጠቀምበት ብቸኛ አጋጣሚ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ልጅ ግን በዚያ ሰሞን ገና አዲስ ፓኬጅ ገዝታ ነበር። የተረፈው ለአማካሪዋ በኢሜል የላከችው ምዕራፍ ሦስት ብቻ ነው። ሌላውን እንደገና ጻፈችው። እስካሁን ስታየኝ "ዘበኛው ደህና ነው?" ትለኛለች።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ "የዕድሜ ልክ ቁልፍ" ሲሸጥ ስታዩ ይህን አስቡ። የተሰረቀ ቁልፍ ኩባንያው ሲደርስበት ይዘጋል። አንቲቫይረሱ አፕዴት ማድረግ ያቆማል። ምልክቱ ግን ታች ጥግ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው። ዲፌንደር ሌላ አለ ብሎ ቦታውን ለቋል፤ ሌላው ደግሞ ሞቷል። ከባዶ ቤት የከፋ ነው፣ ምክንያቱም እናንተ ዘበኛ አለ ብላችሁ ተኝታችኋል። ከሱቅ ስትገዙም ብር ሳትከፍሉ እዚያው አስከፍቱት። የሚያልቅበትን ቀን በዓይናችሁ እዩ። አንዳንዱ ቁልፍ ለሌላ አካባቢ የተሸጠ ስለሆነ እዚህ አልከፍትም ይላል።

እና ስም ንገረን አላችሁኝ። ዊንዶውስ 11 ያለው፣ ኢንተርኔት በየቀኑ የሚያገኝ ቤት ዲፌንደር ይበቃዋል፤ ገንዘብ አታውጡ። ግን አንድ ነገር አብሩ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ከራንሰምዌር መከላከያ የሚል ክፍል አለ። እዚያ ፎልደሮችን የሚጠብቅ ቁልፍ አለ፤ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ያልተፈቀደለት ፕሮግራም ዶክመንትና ፎቶ ፎልደሮቻችሁን እንዳይነካ ይከለክላል። አንዳንዴ ጤነኛውንም ፕሮግራም ይከለክላል፤ ትነዛነዛላችሁ፤ ተነዛነዙ። ፎቶ ኮፒ ቤት ላላችሁ፣ ኢንተርኔት የሚቆራረጥባችሁ፣ የቢትዲፌንደርን ነጻውን እመርጥላችኋለሁ። አካውንት መክፈት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አይጮኽም። የልጆች ጌም የሚጫንበት ኮምፒውተር ላይ የፈለጋችሁትን አንቲቫይረስ ብትጭኑም፣ ክራክ እስካለ ድረስ ተስፋ አታድርጉ። ለልጁ ሌላ ዩዘር ክፈቱለት፣ አድሚን (የማሽኑ አዛዥ) ያልሆነ።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። ማንኛውም አንቲቫይረስ ሁሉን ይይዛል የሚላችሁን አትመኑ። ፍሬድ ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ ገና በ1984 ቫይረስን ሁሉ ያለ ስህተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል በሂሳብ አሳይቷል። የእኛንም ሰዎች ያገኘ ምሳሌ አለ። በዲሴምበር 2017 ቶሮንቶ ያለው ሲቲዝን ላብ አንድ ጥናት አወጣ። ውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ኢሜል ይላክ ነበር። ሊንኩን ሲከፍቱ ቪዲዮ ይመጣል፤ ለማየት "ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ" ይላል፤ የምንሰካው ፍላሽ ሳይሆን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። አፕዴቱ ሰላይ ፕሮግራም ነበር። ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የተላከ ነገር የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች መዝገብ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ይወስዳል። በአፕዴት ስም የሚመጣ ሊንክን አትጫኑ፤ አፕዴት ከፕሮግራሙ ውስጥ ነው የሚደረገው።

ጥያቄ ካላችሁ።

(አንድ ወጣት፦ ዊንዶውስ 7 ነው ያለኝ፣ የትኛውን ልጫን?)

ወንድሜ፣ ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ አይጠገንም። በ2017 ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ዓለምን ያናወጠው በአንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ ገብቶ ነው። ጥገናው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተያዙት ያልጫኑት ናቸው። ላንተ ጥገናው ራሱ አይመጣም። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 አይሸከምም ካልክ ሊኑክስ ጫንበት፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃሃል። ዊንዶውስ 10 ያላችሁም፣ የእናንተም መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል።

(አንዲት ተማሪ፦ የጫንኩት መሥራቱን በምን አውቃለሁ?)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢካር የሚባል የመሞከሪያ ፋይል አለ። 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ምንም አይጎዳም። አንቲቫይረሶቹ ግን ሲያዩት እንደ ቫይረስ ሊይዙት ተስማምተዋል። ከኢካር ድረ ገጽ አውርጂው። ከጮኸ ነቅቷል። ዝም ካለ ተኝቷል።

(አንዲት እናት፦ ልጄ፣ እኔ ፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። የልጄ ክርስትና ነው። ሾርትከት ሆኗል፣ ፎርማት አድርጊው አሉኝ።)

እንኳን አላደረጉት፣ እትዬ። ይምጡ። እስክሪኑ ላይ እዩ ሁላችሁም። ሾርትከቶቹን አልነካም። ቪው ውስጥ እገባለሁ፤ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ እላለሁ። አልወጣም። ቫይረሱ የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለደበቃቸው ነው። ስለዚህ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቼ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አነሳለሁ። ያስጠነቅቀኛል፤ እሺ እላለሁ። ይኸው፣ ደብዘዝ ያለ ፎልደር ወጣ። እሱ ነው ዋናው። ሾርትከቶቹንና ይቺን የማትታወቅ ስክሪፕት ብቻ እሰርዛለሁ። ከዚያ ስካን።

ፎቶዎቹ አሉ። ያቺ ነጭ የለበሰችው እርስዎ ነዎት? ሌላ ቦታ ኮፒ አለዎት፣ እትዬ? የለም?

እንግዲያው ቁጭ ይበሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ፍላሽ ታበድረናለች። 40 ደቂቃ ይላል።